ስለ ካምቢዮ ዘይት ጉዳይ ያለን አቋም



በሪያድ ከተማ በምንገኝ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች መካከል ሰሞኑን አንድ ክርክር ተነሥቷል። ጉዳዩ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ ይኸውም፣ በእጃችን ላሉት አሮጌ ማንዋል መኪናዎች የካምቢዮ ዘይት በጋራ እንግዛ ወይስ እያንዳንዱ በየፊናው ይግዛ፣ በጋራ ከተገዛስ የትኛው ይገዛ የሚል ነው። በስብሰባው ላይ ከቀረቡት ሐሳቦች ብዙ ጭብጨባ ያገኘው «አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጂ ኤል 5፣ ያውም ወፍራሙ 85 ደብልዩ 140 ይገዛና ለሁሉም መኪና፣ ለካምቢዮውም ለዲፈረንሻሉም ይደረግ» የሚለው ነበር። የተሰጡት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ በጅምላ ይረክሳል፣ አምስት ከአራት ይበልጣል፣ አገሩም ሙቅ ነው። እኛ በበኩላችን ይህን ሐሳብ እንቃወማለን። የምንቃወመው በጋራ መግዛቱን አይደለም። በጋራ መግዛቱን ከማንም በፊት ስንደግፍ የቆየን ነን። የምንቃወመው የሚገዛውን ነገር ነው።

አንዳንድ ወገኖች «ተማሪ ስለ ዘይት ይህን ያህል ምን ያነታርከዋል?» ይሉ ይሆናል። ለእነዚህ ወገኖች መልሳችን አጭር ነው። ከእኛ መካከል መኪና ያለው ሰው ለጌጥ የያዘው የለም። አዲስ ተማሪ ሲመጣ ከከተማው በስተሰሜን 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሚገኘው ከንጉሥ ኻሊድ አውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበለው፣ ሌሊት የታመመ ሲኖር ሐኪም ቤት የሚያደርሰው፣ ለቅሶ ሲሆን መንፉሓ ድረስ ወንበርና ድስት ጭኖ የሚሄደው ያው አንድ ኮሮላ ወይም ያቺው አሮጌ ሃይሉክስ ነች። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 የምሕረቱ ጊዜ ካበቃ በኋላ በመንፉሓ በወገኖቻችን ላይ የደረሰውን የሚያስታውስ ሁሉ፣ የምትንቀሳቀስ አንዲት መኪና ምን ማለት እንደሆነች መንገር አያስፈልገውም። ካምቢዮ ሲበላሽ ደግሞ እንደ ጎማ ተለጥፎ የሚያልፍ ነገር አይደለም። ወርዶ፣ ተፈትቶ፣ ወይም ከታሽሊሕ አሮጌ ተፈልጎ ነው። የዚያ ዋጋ የአንድ ተማሪ የስንት ወር ድጎማ እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። በዘይት ላይ የምትተርፈው ጥቂት ሪያል ከዚህ ጋር ስትመዘን ምንም አይደለችም።

እንግዲህ ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። «አምስት ከአራት ይበልጣል» የሚለው አነጋገር ፍጹም የተሳሳተ ነው። ጂ ኤል 4 እና ጂ ኤል 5 የአሜሪካን ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት የሰጣቸው የአገልግሎት ስሞች እንጂ የትምህርት ቤት ክፍል አይደሉም፤ አራተኛን ያለፈ አምስተኛ አይገባም። ቁጥሩ የሚናገረው ዘይቱ ለምን ዓይነት ጥርስ እንደተሠራ ነው። ከኋላ በሚነዳ መኪና ዲፈረንሻል ውስጥ ያለው ትንሹ ጥርስ ከትልቁ ጥርስ መሐል ዝቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ስለዚህም ጥርሶቹ በሚገናኙበት ጊዜ መንከባለል ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳቸው ርዝመቱን ይንሸራተታሉ። ይህ መንሸራተት ከፍተኛ ጫናና ሙቀት ስላለው የዘይቱን ንጣፍ ጠርጎ ብረትን ከብረት ያገናኛል። ይህን ለመከላከል ነው በጂ ኤል 5 ውስጥ የድኝና የፎስፈረስ ቅመም በብዛት የሚጨመረው፤ በተለምዶ ከጂ ኤል 4 እጥፍ ግድም ይሆናል። ቅመሙ ሲሞቅ ከብረቱ ገጽ ጋር ተዋሕዶ ቀጭን መከላከያ ይሠራል፤ ሲላጥ እንደገና ይሠራል። ለዲፈረንሻል ይህ ግሩም ነገር ነው። ዲፈረንሻል ውስጥ ጂ ኤል 4 የሚጨምርም እንዲሁ አጥፊ ነው፤ ይህን የምንለው ነገሩን ገልብጦ የሚሄድ እንዳይኖር ነው።

በካምቢዮ ውስጥ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። የካምቢዮ ጥርሶች እንዲያ ያለ መንሸራተት የለባቸውም። ከዚህም በላይ በካምቢዮ ውስጥ ዲፈረንሻል የሌለው አንድ አካል አለ፤ ማርሽ ስንቀይር የሁለቱን ጥርሶች ፍጥነት የሚያስተካክለው ሲንክሮናይዘር የሚባለው ቀለበት። ይህ ቀለበት በአብዛኞቹ አሮጌ መኪናዎች ከናስ ወይም ከነሐስ የተሠራ ነው። ሥራውን የሚሠራው እንደ ትንሽ ፍሬን በመያዝ ነው፤ በውስጡ የተቆረጡት ቀጫጭን ቦዮች ዘይቱን ጠርገው ያወጡና ቀለበቱ ሾጣጣውን ብረት ይይዛል፣ ፍጥነቱ ይተካከላል፣ ማርሹም ያለ ድምፅ ይገባል። እንግዲህ ቀለበቱ እንዲይዝ የሚፈለገው ሰበቃ ነው። ከመጠን በላይ የሚያንሸራትት ዘይት ሲሰጡት መያዝ ያቅተዋል፤ ማርሹም «ክርርር» ብሎ ይገባል። ሾፌሩ ፍሪሲዮኑ የተበላሸ ይመስለዋል፤ ፍሪሲዮን ያስቀይራል፤ ችግሩ እዚያው ነው።

ሁለተኛው ጉዳት የከፋ ነው። ድኝ ከመዳብ ጋር አይስማማም። ናስም ነሐስም የመዳብ ልጆች ናቸው። በቅመሙ ውስጥ ያለው ድኝ ሲሞቅ የቀለበቱን ገጽ ያጠቁራል፣ ይበላል፤ የሚሠራውም መከላከያ ንጣፍ ከናሱ ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ ሲላጥ የናሱን ቅንጣት ይዞ ይላጣል። የዘይት ፋብሪካዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ለዚህም ነው የተወለወለ የመዳብ ጥብጣብ በጋለ ዘይት ውስጥ ነክረው ምን ያህል እንደጠቆረ የሚመረምሩት። ልብ በሉ፤ ይህ ጉዳት በአንድ ቀን የሚታይ አይደለም። ጂ ኤል 5 የጨመረ ሰው በማግስቱ «ይኸው ምን ሆነ?» ብሎ ይከራከረናል። የሚሆነው ከብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ዘይቱን የሚከስ አይኖርም፤ «መኪናዋ አርጅታ ነው» ይባላል።

እዚህ ላይ ለሀቁ ስንል የሌላውንም ወገን ክርክር መስማት ይገባናል። የሃይሉክስና የላንድ ክሩዘር ባለቤቶች «የቶዮታ መመሪያ መጽሐፍ ጂ ኤል 4 ወይም ጂ ኤል 5 ይላል፤ እናንተ ታጋንናላችሁ» ብለውናል። እውነት ነው፤ በብዙ የቶዮታ ማንዋል ካምቢዮዎች መመሪያ ላይ ሁለቱም ተጽፈዋል። ዛሬ ከሚሸጡት የጂ ኤል 5 ዘይቶችም መዳብን የሚጠብቅ ቅመም የተጨመረባቸው አሉ፤ በጀሪካናቸው ላይ ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን የሚጽፉም አሉ። የእነዚህን መኪናዎች ባለቤቶች በአጥፊነት አንፈርጃቸውም። ነገር ግን መጽሐፉ «ወይም» ሲል 90ውን ነው እንጂ 140ን አይልም። ደግሞም ለሁሉም የሚሆን አንድ ጀሪካን ከተገዛ፣ ኒሳኑም ፔዦውም ከዚያው ይቀዳል። ጂ ኤል 4 ለሁሉም ካምቢዮ የሚስማማ ባይሆንም፣ ጂ ኤል 4 የሚልን ካምቢዮ አይጎዳም፤ «ወይም» የሚለውንም አይጎዳም። ጂ ኤል 5 ግን አንዱን አይጎዳ ይሆናል፣ ሌላውን ይጎዳል። በጋራ በሚገዛ ነገር የሚመረጠው ማንንም የማይጎዳው መሆን አለበት።

አሁን ስለ ሙቀቱ እንነጋገር። በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ወገን ተሳስቷል ብለን እናምናለን። «ሪያድ በበጋ ከ43 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ስለዚህ ወፍራም ዘይት» የሚለው ክርክር ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን ዘይት የሚለካው በአየሩ ሙቀት ሳይሆን በራሱ ሙቀት ነው። በጀሪካኑ ላይ ያለው ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ይናገራል። 90 የሚባለው በዛሬው መለኪያ በዚያ ሙቀት ከ13.5 እስከ 18.5 ሴንቲስቶክ ነው፤ 140 የሚባለው ከ24 እስከ 32.5 ነው። ማለትም እጥፍ ግድም ነው! ካምቢዮን የሠራው መሐንዲስ የኩሽኔታውን ቦታ፣ የቀለበቱን ቦይ ስፋት የለካው ለ90 ነው። 140 ሲገባበት ቀለበቱ ዘይቱን ጠርጎ ማውጣት ያቅተዋል፤ ዘይቱም ወደ ጠባብ ቀዳዳዎች በጊዜ አይደርስም፤ መኪናዋም ነዳጅ ትበላለች። ጥር ላይ ጧት በሪያድ የተነሣ ሰው ደግሞ ብርዱን ያውቀዋል። በዚያ ሰዓት 140 ማር ነው፤ ሁለተኛ ማርሽ በጡጫ ካልሆነ አይገባም።

የመጀመሪያው ቁጥርስ? ከፊደሉ በፊት ያለው ቁጥር ስለ ብርድ ነው። 75 የሚለው ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ፣ 80 የሚለው ከዜሮ በታች እስከ 26 ዲግሪ ድረስ መፍሰስ እንዲችል ተመዝኗል። ሪያድ ቀርቶ ውርጭ የሚመታው ደብረ ብርሃንም እዚያ አይደርስም። ስለዚህ መጽሐፉ እስከፈቀደ ድረስ 80 ደብልዩ 90 ለእኛ በቂ ነው። 75 ደብልዩ 90 በጧት ለእጅ ይቀላል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲንተቲክ ስለሚሆን ውድ ነው። አቅም ያለው ይግዛው፤ የሌለው አይጨነቅ። ሌላም ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። የካምቢዮ ዘይት ቁጥርና የሞተር ዘይት ቁጥር በተለያየ ሚዛን የተጻፉ ናቸው። የካምቢዮ 90 ማለት በውፍረቱ ከሞተር 40 እና 50 ጋር የሚመጣጠን እንጂ እጥፉ አይደለም። ይህን የማያውቅ ሰው 90 የሚለውን አይቶ «ይህስ ወፍራም ነው፣ እንኳን 140» ሲል ሰምተናል፤ ሌላው ደግሞ በተቃራኒው ይደነግጣል።

ወፍራም ዘይት የሚወደድበት አንድ ሌላ ምክንያት ግን አለ፤ እሱን ማጋለጥ ግዴታችን ነው። ወፍራም ዘይት ድምፅ ይሸፍናል። ኩሽኔታው የተበላ፣ የሚያጉረመርም ካምቢዮ 140 ሲጠጣ ለጥቂት ሳምንት ዝም ይላል። አሮጌ መኪና የሚሸጡ አንዳንድ ሰዎች ይህን ያውቃሉ፤ ገዢው አገሩንም ቋንቋውንም ገና ያልለመደ አዲስ ተማሪ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ያውቃሉ። ስለዚህ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ሞተሩን ብቻ አትስሙ። በቀዝቃዛነቱ፣ ሳይሞቅ፣ ከሁለተኛ ወደ መጀመሪያ፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ቀይሩ። ከቻላችሁ የመሙያውን ታፖ አስከፍቱና ጣት አስገብታችሁ ዘይቱን እዩት። እንደ ሙጫ የሚጎተት ከሆነ ሻጩን ለምን ብላችሁ ጠይቁት።

በገበያው ቋንቋም እንጠንቀቅ። በሪያድ ወርሻና ባንሸር ውስጥ ካምቢዮ «ቄር» ነው። ነገር ግን ዛሬ በከተማው ከሚሽከረከረው መኪና አብዛኛው አውቶማቲክ ስለሆነ፣ ዝም ብሎ «ዘይት ቄር» ያለ ሰው ቀዩ የአውቶማቲክ ዘይት ቢሰጠው ሊደነቅ አይገባውም። ማንዋል «ቄር ዓዲ» ነው፤ ዲፈረንሻል ደግሞ «ዲፍረንስ»። ሁለቱን ለይታችሁ ጠይቁ፣ ጀሪካኑንም ራሳችሁ አንብቡ። የፔትሮሚን ይሁን የፉክስ ወይም የሼል፣ የሚያሳስበን ስሙ ሳይሆን ጀርባው ላይ የተጻፈው ነው። ማኅተሙ የተነካካ፣ ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ዋጋውም ከሌላው ሁሉ በጣም የወረደ ከሆነ ትታችሁ ውጡ።

ይህን ስንል ደግሞ ቀዩ ዘይት ለማንዋል ፈጽሞ አይሆንም ማለታችን አይደለም፤ ችግሩ እዚህ ላይ ነው የሚወሳሰበው። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካን መኪናዎች የተገጠመው የቦርግ ዋርነር ቲ 5 ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ የተሠራው ለዚያው ለቀዩ ዴክስሮን ነው። የሆንዳ የቆዩ ሲቪኮች 10 ደብልዩ 30 የሞተር ዘይት በካምቢዮ ውስጥ እንዲደረግ ያዝዛሉ። ፔዦ 404ም በካምቢዮው የሞተር ዘይት ነበር የሚጠጣው፤ የኋላ ዲፈረንሻሉ ደግሞ የነሐስ ጥርስ ስላለው ለብቻው የተለየ ዘይት ነበረው። ፊያት 124 ለካምቢዮው አንድ፣ ለዲፈረንሻሉ ሌላ ዘይት አዝዞ ነው ከፋብሪካ የወጣው፤ ላዳም የተወለደችው ከዚያችው ፊያት ነው። ቮልስዋገኗ ካምቢዮና ዲፈረንሻሏ በአንድ ቤት ስለሆኑ በአንድ ዘይት፣ በ2.5 ሊትር ግድም 90 ትኖራለች። አባቶቻችን በአዲስ አበባ የነዷቸው እነዚህ መኪናዎች ሁሉ የየራሳቸው ጠባይ ነበራቸው። የዱሮ መካኒኮችም ይህን ያውቁ ነበር፤ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ እያሉ ከጣሊያን የወረሱትን ቃል ብቻ ሳይሆን የትኛው መኪና ምን እንደሚጠጣም ጭምር ለልጆቻቸው አስተላልፈዋል። «ለሁሉም አንድ ዘይት» የሚለው ሐሳብ እንግዲህ ከእነሱም ወደ ኋላ የሚመልሰን ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መጽሐፉን ማግኘት ነው። ከመኪናው ጋር ከሌለ የካምቢዮውን ቁጥርና የተሠራበትን ዓመት ይዞ መፈለግ ነው። «መካኒኩ እንዲህ አለኝ» በቂ ማስረጃ አይደለም። መካኒኮችን አንንቅም፤ በአሮጌው ሰናዒያ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ካምቢዮ የሚፈታና የሚገጥም የመናዊና ፓኪስታናዊ ባለሙያ አይተናል። ነገር ግን ያ ባለሙያ በእጁ ያለውን ዘይት ነው የሚጨምረው፤ በእጁ ያለው ደግሞ ለጭነት መኪናዎች የገዛው ሊሆን ይችላል።

ስለ አቀያየሩ ብዙ አንልም። ሆኖም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም፤ የማፍሰሻውን ታፖ ከመፍታታችሁ በፊት የመሙያውን ፍቱ። ዘይቱን አፍስሶ መሙያው ዝጎ እምቢ ያለው ሰው ባዶ ካምቢዮ ይዞ መንገድ ላይ ይቀራል። መኪናዋ ጥቂት ከተነዳች በኋላ፣ ዘይቱ ለብ ብሎ፣ በደልዳላ ቦታ ይፈስሳል፤ አዲሱም በአብዛኞቹ መኪናዎች ከመሙያው ቀዳዳ አፍ እስኪደርስ ይሞላል። የኮሮላ ካምቢዮ ወደ 2 ሊትር ይይዛል፤ የላንድ ክሩዘሩ ትልቁ ባለ አምስት ማርሽ ወደ 5 ሊትር ይጠጋል። በታፖው ማግኔት ላይ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ነገር ካያችሁ አትደንግጡ፤ ያ የዕድሜ ነው። በዘይቱ ውስጥ ወርቅ መስሎ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካያችሁ ግን ያ የቀለበቱ ናስ ነው። የብረት ስባሪ ካገኛችሁ ደግሞ ስለ ዘይት መወያየቱን ትታችሁ ስለ ካምቢዮው ተወያዩ። አሮጌውን ዘይት በረሓ ላይ መድፋት ነውር ነው፤ ወርሻዎቹ የሚያጠራቅሙበት በርሜል አላቸው። ወደ መካ ለዑምራ የምትወርዱ ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ ከመነሣታችሁ በፊት የዘይቱን ልክ አስዩ። መንገዱ 870 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በጣኢፍ በኩል በሐዳ ቁልቁለት የወረደ ሰው በማርሽ ይዞ ነው የሚወርደው፤ በዚያን ጊዜ ሸክሙ በሙሉ በካምቢዮው ላይ ነው። በግማሽ ዘይት እዚያ መሄድ መንገደኛውን ሁሉ በአደጋ ላይ መጣል ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ «ይህ ሁሉ ለምን? መኪናዎቹን እንሽጥ» የሚል ነው። ሪያድ ከታኅሣሥ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሜትሮ አላት፤ ቀዩ መስመር ከንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ ይነሣል። ይህን በደስታ ተቀብለነዋል፤ ለትምህርት የሚመላለስ ሰው በዚያ ቢሄድ ይሻለዋል። ነገር ግን ሜትሮ ድንኳን አይጭንም። አገር ቤትም ቢሆን ጉዳዩ ያበቃለት አይደለም። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. ባወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከለከለ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው መኪና እንዲህ ያለ ባለ ብዙ ማርሽ ካምቢዮ የለውም። ከዚህ የሚከተለው ግን አሮጌው መኪና ነገ ይጠፋል ሳይሆን፣ አሁን በአዲስ አበባና በክፍለ ሀገር የሚሽከረከሩት ኮሮላዎችና ሃይሉክሶች ምትክ ስለሌላቸው ከበፊቱ ይልቅ ብዙ ዓመት መሥራት ይኖርባቸዋል የሚለው ነው። እዚህ የተማርነውን ይዘን የምንመለሰው ወደዚያ ነው።

እንግዲህ ለሚቀጥለው ስብሰባ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ከማኅበሩ ገንዘብ አንድ ባለ 20 ሊትር ጂ ኤል 4፣ 80 ደብልዩ 90 ለካምቢዮ ይገዛ፤ ይህም ወደ አሥር ኮሮላ ያዳርሳል። ከኋላ ለሚነዱት መኪናዎች ዲፈረንሻል ደግሞ ጂ ኤል 5፣ 90 በትንሽ ጀሪካን ለብቻው ይገዛ፤ ጀሪካኖቹ ላይ «ካምቢዮ» እና «ዲፈረንሻል» ተብሎ በአማርኛ በትልቁ ይጻፍ። በየመኪናው ስም አንድ መዝገብ ይከፈትና መጽሐፉ ምን እንደሚል፣ መቼ በስንት ኪሎ ሜትር እንደተቀየረ፣ በማግኔቱ ላይ ምን እንደተገኘ ይመዝገብ። ሆንዳና ፔዦ ያላቸው ጓዶች ከሁለቱም ጀሪካን አይቅዱ፤ የእነሱ ዘይት ከሞተር ዘይቱ ጋር ይገዛላቸዋል። የሃይሉክስ ባለቤቶች ቀድሞ የጨመሩትን ጂ ኤል 5 90 እስከሚቀጥለው መቀየሪያ ድረስ ቢይዙት ተቃውሞ የለንም። 140 የጨመሩ ካሉ ግን ክረምት ሳይገባ ያፍስሱት፤ አዲሱን ዘይት ማኅበሩ ይችላል።